የባለቤት አልባው ዋስ

ባቲ ገበያዋ ሰኞ ነው፤ ሃዳሌ ሜዳ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ ብረት ይወርድበታል። ሁለቱን ቀኖች ያወቀ ሰው ሳምንቱን ያለ ብዙ ችግር ይገፋል። ሰኞ ግመሉን ሸጦ፣ ስኳርና ጨርቁን ሸምቶ በማታው አውቶቡስ ወደ ቆላው ይወርዳል። ማክሰኞ በጠዋት ከብቱን ከሸንተረሩ ጀርባ ነድቶ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ላይ ነጭ ጭረት ይታያል፤ ቀጥሎ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ልጆች የጭረቱን ቀለም እያዩ «አሉሚኒየም ነው»፣ «የለም፣ ነዳጅ ቀርቶበታል» እየተባባሉ ይከራከራሉ። ሐሙስ ነጫጭ የጭነት መኪኖች ይመጣሉ። የብረቱ ባለቤት የሆነው አገር ሠራተኞች ሜዳውን እንደ ፀጉር አበጥረው፣ የመጨረሻዋን ብሎን ለቅመው ይሄዳሉ። ከዚያ ሣሩ ለከብት ይከፈታል።

ማክሰኞ ሠርግ የሚደግስ የለም። የተጣሉ ሴቶች «ማክሰኞ ያግኝሽ!» ይባባላሉ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የሞቱ ሳተላይቶችና ያለቀላቸው ሮኬቶች የሚጣሉት ራቅ ካለ ውቅያኖስ ነበር። የደሴቶቹ ሰዎች ተሟግተው ሲረቱ ባሕሩ ለብረት ተዘጋ። መቀመጫው ሞምባሳ የሆነው የምሕዋር ጽዳት ጉባኤም ከዓለም አራት ደረቅ ሜዳዎችን መረጠና ሕግ አወጣ። ሕጉ ረጅም ነው፤ የሃዳሌ ሰው ግን ሁለት ነገር ብቻ ይዞለታል። አንደኛው፣ የወደቀውን የሚለቅመው ባለቤቱ ነው። ሁለተኛው፣ ከሜዳው የሚኖር አዋቂ ሁሉ በገዛ አፉ «ሰምቻለሁ» ሳይል ምንም ነገር አይወርድም። ይህ ሁለተኛው የተጨመረው ሌላ አገር ባለ ሜዳ ላይ ከደረሰው አደጋ በኋላ ነው። ያኔ ማስጠንቀቂያው በስልክ ተልኮ ነበር፤ ስልኮቹ ከተማ ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበሩ፣ ሰዎቹ ደግሞ ከፍየሎቻቸው ጋር ሜዳ ላይ።

ዘምዘም እንድሪስ ሥራዋ አሰሚነት ነበር። አባቷ የባቲ ነጋዴ፣ እናቷ የአፋር ልጅ ናት፤ በሁለቱም ቋንቋ አፏን ፈትታለች። ከረቡዕ እስከ ሰኞ በሞተር ሳይክል ሜዳውን ትዞራለች። አንገቷ ላይ እንደ ክታብ የሚንጠለጠል ድምፅ መቅጃ አለ፤ ሰዎች «ጆሮ» ይሉታል። የምትናገረው ሁሉ፣ የሚመለስላትም ሁሉ በዚያ በኩል ሰመራ ካለው ጽሕፈት ቤት አልፎ ሞምባሳ ይደርሳል። አብዛኛው ሰው ለምዶታል። አንዳንዱ ግመል እያለበ፣ አንዳንዱ ጥርሱን እየፋቀ «ሰምቻለሁ» ይላትና ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌውን ሎይታ ገአስን ግራር ሥር አገኘችው። ሎይታ ከሃዳሌ ሰው ሁሉ ዳጉን አጥብቆ የያዘ ሰው ነው። ዳጉ የአፋር የወሬ ሥርዓት ነው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይለዋወጣሉ፤ ማን አየው፣ የት አየው፣ የማን ነው ይባባላሉ። ያልተጣራ ነገር የተናገረ ይጠየቅበታል።

«አማን ነሽ?» አላት።

«አማን፣ አባ። አንቱስ?»

«አማን። እናትሽ? ከብቱ? መንገዱ?»

«ሁሉም አማን ነው።»

«ሰማዩስ?» ይህችኛዋ ጥያቄ በቅርብ ዓመታት የተጨመረች ናት።

«ማክሰኞ ትልቅ ይወርዳል። የሮኬት አካል ነው፤ አውቶቡስ ያክላል።»

«ማን አየው?»

«የሞምባሳዎቹ በመነጽራቸው አይተውታል። ጎታች መንኮራኩር ልከው ይዘውታል።»

«የማን ነው?»

ዘምዘም እዚህ ላይ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የማንም አይደለም።»

ሎይታ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ግመል እንኳ ከበረሃ ቢገኝ የተተኮሰበት ምልክት አለው።»

«ይሄ ምልክት የለውም። አያቴ ልጅ ሳለች የተወነጨፈ ነው። አንዱ አገር ሞተሩን ሠራው፣ አንዱ ገዛው፣ አንዱ ከመሬቱ ላይ አስወነጨፈው። አሁን ሦስቱም የእኔ አይደለም ይላሉ።»

«ሦስት አባት ያለው ልጅ እንዴት ወላጅ ያጣል?»

«ልጅ መቼ ሆነ፣ አባ? ሸክም ነው። ሸክም ደግሞ አባት የለውም።»

ሽማግሌው ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ግን በመፋቂያው ወደ ምዕራብ ጠቆመ። ከሜዳው ጥግ፣ ከቀይ ምልክቶች ማዶ፣ ሣሩ እስከ ጉልበት አድጎ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ያ ቦታ የሎይታ ጎሣ የበጋ ግጦሽ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤቱ ያልታወቀ ትንሽ ቁራጭ ወደቀበት። ነጭ መኪና ስላልመጣ ቦታው ሳይጸዳ ቀረ፤ ስላልጸዳም አልተከፈተም። ምልክቱን አልፈው የገቡ ግመሎች ሽቦ በልተው ሞቱ።

«ያኔም ‹ይውረድ፣ ባለቤቱን ኋላ እንፈልጋለን› ብለውን ነበር» አለ ሎይታ። «ሰምቻለሁ አልን። ኋላ አልመጣም። አሁን አውቶቡስ የሚያክለው መጣ። እኔ አልሰማሁም፣ ልጄ።»

«አባ፣ ሰምተው እኮ ነው የሚመልሱልኝ!»

«አንቺን ሰማሁ። ብረቱን አልሰማሁም። የማን እንደሆነ ያልተነገረ ወሬ ይዤ ለሌላ ሰው አላቀብልም። ለእኔም ለራሴ አላቀብልም።»

ዘምዘም ተሰናብታው ሄደች። በማግስቱ ግን ወሬው ቀድሟት ነበር። ከዚያ በፊት ቃላቸውን የሰጡ ሰዎች መንገድ ላይ ሞተሯን ያስቆሟት ጀመር።

«አንቺ ዘምዘም!» አለች ኸዲጃ የምትባል ባልቴት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ትናንት የሰጠሁሽን ቃል መልሺልኝ።»

«ቃል ይመለሳል እንዴ፣ እማ?»

«ያለ ባለቤት እንደሚመጣ መች ነገርሽኝ?»

«አልጠየቁኝማ!»

«እኔማ እያለብኩ ነበር! ሰው እያለበ ይጠይቃል? በይ ለጆሮሽ ንገሪው፣ ኸዲጃ አልሰማችም በይው።»

ከቀትር በኋላ ናሆም ደወለ። ናሆም ተካልኝ የሰመራው ጽሕፈት ቤት የሕግ ሠራተኛ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሙቀቱን እየተራገመ የሚኖር፣ ግን ሰው የማይጎዳ።

«ዘሙ፣ ምን እየሆነ ነው? ቁጥሩ እየቀነሰ ነው። ሰው አንዴ የሰማውን እንዴት አድርጎ ያልሰማዋል?»

«እየቻሉበት ነው።»

«በናትሽ እንዳትቀልጂ። ጎታቹ ነዳጁ እያለቀ ነው። እስከ ማክሰኞ ካላወረደው ይለቀዋል፤ ከለቀቀው ደግሞ እየተንከባለለ የዝናብ ሳተላይቶቹ መንገድ ላይ ይገባል። አንዱን ከመታው ስብርባሪው ሌላውን ይመታል። ሣር የት እንደበቀለ ለሽማግሌው ልጆች የሚነግሯቸው እነዚያው ሳተላይቶች አይደሉም?»

«ናቸው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ እሳቸውም እውነት አላቸው።»

«አላቸው» አለ ናሆም። «ሕጉ ባለቤት የሌለውን ነገር ማን እንደሚለቅመው በደንብ አልጻፈም። እኔ ብሆን አልሰማሁም ነበር የምለው። ብቻ እንደዚህ ማለቴን ለማንም እንዳትነግሪ። ኧረ ደግሞ ጆሮው በርቷል እንዴ?»

«በርቷል።»

«ጉድ ፈላ።»

ቅዳሜ ጠዋት ዘምዘም ወደ ግራሩ ተመለሰች። ሎይታ ብቻውን አልነበረም፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል፣ ኸዲጃም ከሴቶቹ ጋር ከዳር ተቀምጣለች። ዘምዘም ስለ ዝናብ ሳተላይቶቹ የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ከማን እንደሰማችም ተናገረች። ሎይታ መሬቱን በበትሩ እየጫረ አዳመጠ።

«ይሄም እውነት ነው» አለ። «ሰማዩ ላይ ቢቀር ይጎዳናል። ያለ ባለቤት ቢወርድም ይጎዳናል።» ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ለጥቂት ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ ተመካከረ። ከዚያ ቀና አለ። «ባለቤት ከሌለው ዋስ ይኑረው። መንገደኛ እንኳ ዘመዱ ባይታወቅ ዋስ ጠርቶ ያድራል። የዚህ ብረት ዋስ ማን ነው?»

ማንም መልስ አልሰጠም። አንድ ግመል አገሳ። ዘምዘም ዓይኖች ሁሉ ወደ እርሷ መዞራቸውን ያወቀችው ፊቷ ሲሞቅ ነው።

አባቷ እንድሪስ ዕድሜውን ሙሉ ዋስ ሲሆን የኖረ ሰው ነው። ለማያውቀው ሹፌር፣ ሱቅ ለሚከራይ እንግዳ፣ ለተጣሉ ባልና ሚስት። እናቷ «አንድ ቀን ጣሪያችንን ይዘውብን ይሄዳሉ» እያለች ታጉረመርማለች፤ እርሱ ግን ሰው ዋስ አጥቶ ቆሞ ማየት አይችልም። ባቲ ገበያ መሀል ዋስ ጠፍቶ ዝም ሲባል ያለውን ዝምታ ዘምዘም ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ያ ዝምታ ሲመጣ ከቤታቸው አንድ ሰው ይነሳል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ዋሱ እኔ ነኝ።»

«እስከ መቼ?»

«ሣሩ እስኪመለስላችሁ።»

ሎይታ መሬቱን መጫሩን አቆመ። «ሰምቻለሁ» አለ።

ሌሎቹም ተራ በተራ ተናገሩ። ኸዲጃ ወደ ጆሮው ተጠግታ እንደ ደንቆሮ ሰው ጮኸችበት፦ «ሰም-ቻ-ለሁ!»

ገና ሞተሯን ሳታስነሳ ናሆም ደወለ።

«ምን አልሽ? ምን ብለሽ ነው የተናገርሽው?»

«ዋስ ነኝ አልኩ።»

«በምስክር ፊት! በመቅጃ! ዘሙ፣ ሕጉ ውስጥ ማንም አንብቦት የማያውቅ አንቀጽ አለ። ባለቤት ላልተገኘለት ነገር ኃላፊነቱን በምስክሮች ፊት የተቀበለ ሰው፣ ሌላ ባለቤት እስኪቀርብ ድረስ ባለቤቱ እሱ ነው ይላል። ብረት ነጋዴዎች የሚመጡ መስሏቸው ነው የጻፉት። አንድም ሰው አልመጣም። እንኳን ደስ ያለሽ፤ ሮኬት አለሽ።»

«ሐሙስ መኪና የማመጣው እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«አንቺ ነሽ። ከሌለሽም ወጪውን ካለሽ ንብረት ላይ ይወስዱታል።»

አመሻሽ ላይ አባቷ ዘንድ ደወለች። እንድሪስ አቋርጦ አልተናገረም፤ ጨርሳ ዝም ስትል ብቻ ጠየቃት።

«ለማን ነው ዋስ የሆንሽው?»

«ለብረት።»

«ይሁና። ብረት አይጠፋም፤ ከዋስ የሚጠፋው ሰው ነው። አብሽሪ ልጄ።» ከኋላው እናቷ ስለ ጣሪያው የሆነ ነገር ስትናገር ተሰማ።

እሑድ ጉባኤው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ዘምዘም ሰመራ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣው ፊት ለፊት፣ ከናሆም ጎን ተቀምጣ በስክሪን ቀረበች። ሰብሳቢዋ ከደሴቶቹ የመጡ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ነበሩ። በስክሪኑ ሦስት ጥግ ሦስት መልእክተኞች ተቀምጠዋል፦ የሞተር ሠሪው አገር፣ የገዢው አገር፣ የአስወንጫፊው አገር። የተናገሩት ሁሉ ወዲያው ወደ አማርኛ እየተመለሰ ይሰማታል።

የሞተር ሠሪው መልእክተኛ ትሕትና ያላቸው ሰው ነበሩ። «ወይዘሪት ዘምዘም፣ ያደረጉት ነገር ከቅን ልብ የመጣ ነው። ግን አንድ ግለሰብ ሊሸከመው የሚችል አይደለም። ቃልዎን ቢያነሱ ማንም አይወቅስዎትም።»

«ቃሌን ባነሳ የሜዳው ሰዎችም ቃላቸውን ያነሳሉ።»

«እሱን በሌላ መንገድ እናየዋለን።»

«የትኛው መንገድ ነው?»

ሰብሳቢዋ ጥያቄ ካላት እንድትጠይቅ ጋበዟት። ዘምዘም ከትናንት ጀምሮ በሐሳቧ ሲመላለስ የቆየውን አነሳች።

«ውስጡ ምን አለ?»

«ይቅርታ?» አሉ የገዢው አገር መልእክተኛ።

«የሮኬቱ። አያቴ ልጅ ሳለች የተዘጋ ነገር ነው። የእኔ ከሆነ፣ ከወረደ በኋላ ገብቼ ማየት እችላለሁ?»

ሰብሳቢዋ ጎናቸው ካሉት አማካሪ ጋር ተነጋገሩ። «ባለቤት ንብረቱን መክፈት፣ ማየት፣ ማስቀረትም ይችላል። ሕጉ ይፈቅዳል።»

«ሌሎች ሰዎችም እንደኔ ቢሉስ? ላይ ያሉት ባለቤት የሌላቸው ሌሎቹስ?»

«ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው» አሉ ሰብሳቢዋ። ይህን ሲሉ ከከንፈራቸው ጥግ ፈገግታ የሚመስል ነገር ታየ።

የሦስቱ መልእክተኞች ድምፅ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አይሰማም። አንዱ ከወንበሩ ተነስቶ ከስክሪኑ ወጣ። ናሆም ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ምን አደረግሽ?»

«ጠየቅኩ እንጂ።»

«በእነዚያ የሞቱ ሳተላይቶች ውስጥ የስንቱ አገር ምስጢር እንዳለ ታውቂያለሽ? አንድ የባቲ ልጅ በአንድ ቃል ባለቤት ከሆነች፣ ነገ የጎረቤታቸው መንግሥት የራሱን ልጅ ያስነሳል። ሰላይ መላክ ቀረ፤ ዋስ መላክ ነው።»

ዕረፍት ተባለ። ከዕረፍቱ ሲመለሱ የሞተር ሠሪው መልእክተኛ ቀድመው እጃቸውን አነሱ፤ አገራቸው መዛግብቷን እንደገና መርምራ ሮኬቱ የእርሷ መሆኑን አረጋግጣለች። የአስወንጫፊው አገር ይህን በጽኑ ተቃወመ፤ ሮኬቱ የእርሱ ነው። ገዢውም ገዢ ባለቤት ካልሆነ ማን ሊሆን ነው ሲል ጠየቀ። ሁለት ትውልድ ሙሉ ወላጅ ያጣው ብረት በአንድ ከሰዓት ሦስት አባት አገኘ። ሰብሳቢዋ አላከራከሩም። ሦስቱም በአንድነት ባለቤቶች ናቸው፤ ሦስቱም መኪና ይልካሉ፤ አንዲት ብሎን ብትቀር ሦስቱም ይጠየቁበታል። ጎታቹ ብረቱን የሚያወርድበት ውል ግን ቅዳሜ ዋስ በሆነችው በዘምዘም ስም ስለታደሰ፣ ብረቱ መሬት እስኪነካ ድረስ የእርሷ ይሆናል።

«አንቀጹ በሚቀጥለው ስብሰባ መሻሻሉ አይቀርም» አሉ ሰብሳቢዋ ሊዘጉ ሲሉ። «ግለሰብ የሚለው ቃል ይወጣል። ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ። አሁን ዋስትናሽን ማንሳት ትችያለሽ።»

«አልችልም» አለች ዘምዘም። «ዋስ የገባሁት ለጉባኤው አይደለም። ከዋስትናው የሚያወርደኝ የተቀበለኝ ሰው ነው።»

ማክሰኞ ሃዳሌ ሸንተረሩ ላይ ወጣ። ከሌላው ማክሰኞ ሰው በዛ ያለ ነበር፤ ከሎጊያና ከሚሌ የመጡ ተመልካቾችም ነበሩ። የሦስቱ አገሮች ነጫጭ መኪኖች ሐሙስን አልጠበቁም። ከሜዳው ሦስት አቅጣጫ፣ መግባት ከተከለከለበት መስመር ላይ ተደርድረው ሞተራቸውን አስነስተው ይጠባበቃሉ። እርስ በርሳቸው በመነጽር ይተያያሉ።

«ዘምዘም፣ ንብረትሽ እየመጣ ነው!» እያለ ወጣቱ ያሾፍባታል። «ስትሸጪው ለእኛ ቅድሚያ ስጪን!» ኸዲጃ ደግሞ የሩብ ድርሻ እንዲኖራት ጠየቀች፤ ከሁሉ አስበልጣ የጮኸችው እርሷ ናትና።

መጀመሪያ የቀን ኮከብ መሰለ። ከዚያ ረዘመ። ሌሎቹ የማክሰኞ ብረቶች ጭረት ናቸው፣ ታይተው ይጠፋሉ፤ ይሄ ግን ቀስ ብሎ፣ መንገዱን የሚያስብ ይመስል፣ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠ። ከአካሉ ላይ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ እሳት እየተገነጠለ ይከተለዋል። ልጆቹ እንኳ ስለ ቀለሙ አልተከራከሩም።

ዘምዘም ሠርታ የገዛችው ነገር ሞተሯ ብቻ ነበረች። አሁን ከራሷ በላይ የሚያልፈው የእርሷ ነው፤ ሠርታ አላገኘችውም፣ አልፈለገችውም፣ ምን እንደሆነም በቅጡ አታውቅም። ማን ብሎኑን እንዳጠበቀው፣ ያ ሰው ያን ዕለት ምን ያስብ እንደነበር፣ ሲወጣ አጨብጭበውለት እንደሆነ ማወቅ አማራት። ይህን ሁሉ ዘመን ብቻውን ሲዞር ዓለም የተስማማበት ነገር ቢኖር ዘወር ብሎ አለማየት ነበር።

ብርሃኑ ከሜዳው ማዶ ወርዶ ጠፋ። አቧራ እንደ ዛፍ ተነሳ። ድምፁ ገና አልደረሰም።

«አሁን የማን ነው?» አለች አንዲት ትንሽ ልጅ።

«አሁንማ የእነሱ ነው» አለች ዘምዘም፣ ወደ መኪኖቹ እያየች።

ድምፁ ደረሰ። ግመሎቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ሸንተረሩ ከእግራቸው ሥር ተንቀሳቀሰ። በዚያው ቅጽበት መኪኖቹ ከሦስቱም አቅጣጫ ተፈተለኩ፤ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ የሚሽቀዳደሙ ነበሩ። ከፊታቸው ያለው ደረቅ ሣር፣ የብረቱ እሳት ያልነካው፣ በጎማቸው ሥር ሲተኛ ከሸንተረሩ ላይ ይታያል።

ሎይታ ከጎኗ ቆሞ ነበር። በትሩን ከትከሻው አወረደ።

«ሣሩን ሊጨርሱት ነው» አለ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ ቅደሚያቸው። ዋስ ከኋላ ይሄዳል እንዴ?»

ዘምዘም ሞተሯን አስነሳች። ሽማግሌው ሳትጠይቀው ከኋላዋ ተፈናጠጠ፣ በትሩን እንደ ባንዲራ ወደ ላይ ቀስሮ፤ ከመኪኖቹ ፊት ሊቆሙ በቁልቁለቱ ወረዱ።